ጠጠር የሌለበት ደጅ

የከተማውን ስም አልጽፍም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀው ስሙን ቢሰማ የሚጨምርለት ነገር የለም። እኔ ፊደል ለይቼ፣ ንባብ ጀምሬ፣ ከዚያ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ነገር ማስጌጥ አልችልበትም። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ከእገሌ ሰማሁ እላለሁ። በከተማችን እንዲህ ብሎ መናገር ሕግ ነበር።

ሕጉ ይህ ነው። አንድ ሰው ሌላው መርምሮ ባገኘው ዕውቀት የተጠቀመ እንደሆነ ወደ አግኚው ቤት ሄዶ ደጁ ላይ አንድ ጠጠር ይጥላል። ጠጠሩ «ይህን ከአንተ ተማርኩ» ማለት ነው። አባቶቻችን ለምስጋና የሠሩት ሕግ ነው፤ ክፉ ሕግ አልነበረም። ነገር ግን ጠጠር ሲጠራቀም ክምር ይሆናል፤ ክምር ቁመት አለው፤ ቁመት ያለው ነገር ደግሞ አንድ ቀን መለካቱ አይቀርም።

የሚለካው በጉልበት ነበር። በየሰባት ዓመቱ የጉልበት ሹም የሚባል ባለሥልጣን በየሊቁ ደጅ እየዞረ ሱሪውን ሰብስቦ ከክምሩ ጎን ይቆማል። ክምሩ የሹሙ ጉልበት ላይ ከደረሰ ለሊቁ መመርመሪያው፣ ማለትም የሚመረምርበት ቦታና ዕቃ፣ ይጸናለታል። ካልደረሰ መመርመሪያው ተወስዶ ክምሩ ለበዛ ሊቅ ይሰጣል። በአጭር ሹም ዘመን ሊቃውንት ይበዙ ነበር፤ በረጅም ሹም ዘመን ያንሱ ነበር። «ዘንድሮ በአገሩ ዕውቀት ቀነሰ» ሲባል ሰው ያዝናል። የሹሙን እግር ያየ ግን አልነበረም።

ሌላም ሕግ ነበረን። አዲስ ነገር ያገኘ ሊቅ ግኝቱን በቃሬዛ አድርጎ ገበያ መሃል ያወጣል። አብረውት የመረመሩ ሁሉ ትከሻቸውን ይሰጣሉ። ግኝቱ የሚዳሰስ ነገር ከሆነ ቃሬዛው ላይ ይቀመጣል፤ ሐሳብ ብቻ ከሆነ ባዶውን ቃሬዛ ይሸከማሉ። ባዶው ቃሬዛ ከሙሉው ይልቅ ብዙ ትከሻ ይፈልግ ነበር። ምክንያቱን አላውቅም። ደግሞም ሳይሸከም ቆሞ የሚያይ ሰው መኖር አለበት፤ ቢያንስ አንድ። ተሸካሚ ለራሱ ሸክም ምስክር አይሆንም ይላል ሕጉ።

በዚያ ዘመን ከሁሉ የላቀው ሊቅ ዘውገ ነበር። የአህያ ጥላ ማታ እንደሚረዝም ያገኘ እሱ ነው። በዓመቱ የበሬ ጥላ ማታ እንደሚረዝም አገኘ። ቀጥሎ የዶሮን አገኘ። ለእያንዳንዱ ቃሬዛ አወጣ። የዶሮዋን ጥላ የተሸከሙት ሰዎች የአህያውን ከተሸከሙት ይበዙ ነበር። ዶሮዋ ራሷ አልመጣችም።

የሊቅ ዘውገ ክምር ደጁን ከዘጋው ቆይቷል። ወደ ቤቱ የሚገባው በአጥሩ ላይ በተደገፈ መሰላል ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሚስቱ ስትወልድም አዋላጇ በመሰላል ገባች። አማቱ ግን እግሯን ስለሚያማት ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «ወንድ ነው? ሴት ናት?» እያለች በአጥሩ ላይ ትጮህ ነበር። ሰው ይህን ሲያይ ለሊቁ ያለው አክብሮት ጨመረ።

ክምሩ እንዴት እንዲህ እንደ ሆነ ምስጢር አይደለም። ሊቃውንቱ የጠጠር ዕቁብ ነበራቸው። በየሳምንቱ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የወጣለት ሊቅ ደጅ ላይ አባላቱ ሁሉ አንዳንድ ቅርጫት ጠጠር ይደፋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የሌላው ነው። በዚህ የተነሳ የወንዙ ዳር ጠጠር አለቀ። ቀጥሎ የመንገዱ አለቀ፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ሰው ይይዝ ጀመር። ሴቶች ጉልቻቸውን አልጋ ሥር ይደብቁ ነበር። ጎረቤታችን ወጥ ጥዳ ወደ ጓሮ ብቅ ብላ ስትመለስ ጉልቻዎቹ የሉም፤ ድስቱ ግን መሬት ላይ በጥንቃቄ ተቀምጧል። የወሰዱት ሊቃውንት ስለሆኑ ወጡን አልደፉትም።

ታናሽ እህቴ ትርንጎ ከሊቃውንቱ አንዷ ነበረች። ዕቁቡ ውስጥ ግን አልነበረችም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የምኖረው እሷ ቤት ነው። ሥራዬ ደጁን መጥረግ ነበር። ስለዚህ በዚያ ደጅ ማን ጠጠር እንደ ጣለ፣ ማን ሳይጥል እንዳለፈ ከእኔ የሚሰወር ነገር አልነበረም።

ትርንጎ የምትመረምረው ነቀዝን ነበር። በወጣትነታችን ሰው ማሽላውን የሚያመርተው ለነቀዝ ነበር ማለት ይቻላል። እህሉ በመኸር ሙሉ ሆኖ ጎተራ ይገባል፤ ክረምቱ አልፎ ሲከፈት ዱቄት ነው። እናታችን ያንን ዱቄት እየነፋች ስታለቅስ ሁለታችንም አይተናል። እኔ አይቼ ዝም አልኩ። ትርንጎ አይታ ዝም አላለችም።

በጓሮዋ ጎተራ አስተከለች። አመድ ሞከረች፣ ቅጠል ሞከረች፣ ጭስ ሞከረች። አብረዋት የሚሠሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እማማ ደብሪቱ ናት፤ ጎተራ የምትሠራ፣ አንደበቷ የማያርፍ ሴት። ሁለተኛው ገላግሌ ነው፤ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ። ሦስተኛው ማህዲ ይባላል፤ ከወንዝ ማዶ አገር የመጣ ሰው ሲሆን ነቀዝን በቀንድ ውስጥ እያኖረ ጠባዩን ያጠና ነበር። የእኛን ቋንቋ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

ነገሩ የተገኘ ቀን እኔ መጥረጊያዬን ይዤ እዚያው ነበርኩ።

«ይህ ፍጥረት» አለ ማህዲ ቀንዱን እያሳየ፣ «መንገድ ካለው ይበላል። መዞሪያ ካጣ ቆሞ ይሞታል።»

«መንገዱማ በሽበሽ ነው» አለች ደብሪቱ። «በማሽላው ፍሬና ፍሬ መሃል ሠርግ ያልፋል። እኔ ከውጭ ብመርግ ብመርግ ምን ላመጣ!»

«በምን እንዝጋው?» አለች ትርንጎ። «በአመድ ብዘጋው ሰው አመድ አልበላም አለኝ።»

ገላግሌ የጤፍ ከረጢቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ደብሪቱ ዘወትር በእህሉ ማነስ ትቀልድበት ነበር። የዚያን ቀን ግን ከረጢቱን አተኩራ አየችው።

«ስማ ገላግሌ፣ ያንን ትቢያህን እስቲ ወዲህ በለው።»

«ትቢያ ያልሽውን ነገ እንጀራ አድርገሽ ስትበዪው ምን ልትዪ ነው?»

«አሁን ስጠኝ፤ ነገ እመርቅሃለሁ።»

በእፍኟ ዘግና ማሽላ በሞላ እንስራ ላይ አፈሰሰችው። ጤፉ ውሃ ይመስል ወደ ውስጥ ሰረገ። ደግማ አፈሰሰች። አሁንም ሰረገ። የማሽላው ከፍታ አልጨመረም። አራቱም እንስራውን ከበው ዝም አሉ። ደብሪቱ ዝም ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሲፈለግ በወንፊት ይለያል» አለች ትርንጎ ቆይታ። «ሁለቱም ይበላል። የሚጣል የለውም።»

እንደዚያ አደባልቀው የሞሉት ጎተራ ክረምቱ አልፎ ሲከፈት አንድ ፍሬ አልተነካም። ደብሪቱ ግን ያንን ክረምት አልወጣችም። በሳንባ ሕመም ሞተች።

ቃሬዛው ወደ ገበያ በወጣበት ቀን በፊት በኩል ትርንጎና ገላግሌ፣ በኋላ በኩል ማህዲ ብቻውን ተሸከሙ። አራተኛው ማዕዘን ሰው አልነበረውም። ቃሬዛው ዘመመ፤ እንስራው እንዳይንከባለል በገመድ ታስሯል። ገበያው ሳቀ።

«ኧረ ሰው ተከራዩ!» አለ አንዱ።

ሊቅ ዘውገ ቀረብ አለ። «እህቴ፣ ትከሻ ላበድርሽ። እኔ ትከሻ አጥቼ አላውቅም።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ያ ማዕዘን ሰው አለው።»

«የታለ?»

«ደብሪቱ ናት። ሞታለች።»

«የሞተ ሰው አይሸከምም።»

«ስለዚህ ነው የዘመመው» አለች ትርንጎ። እግሯን አነሳች፤ ሄዱ።

በመጀመሪያው ዓመት ጠጠር መጣ። ገበሬ እየመጣ ይጥላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓመት ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ቀረ። እኔ ሰው እህሉን እንደ ድሮው ያኖር ጀመር እንዴ ብዬ ተሳቀቅሁ። ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጠዋት በደጃችን የምታልፍ ሴት አስቆምኩ።

«እህልሽን እንዴት ነው የምታኖሪው?»

«እንዴት አኖረዋለሁ አባቴ፣ ከጤፍ ጋር ነዋ።»

«ታዲያ ጠጠሩስ?»

«የምን ጠጠር?»

«ያስተማረችሽ እኮ እዚህ ቤት ናት።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ይሄ ደግሞ የሚማሩት ነው እንዴ! እናቴ እንዲህ ስታደርግ አይቼ ነው። ማሽላ ያለ ጤፍ አድሮ ያውቃል?»

በሕጋችን ከእናት ለተገኘ ዕውቀት ጠጠር አይጣልም። ሴትዮዋ ሕግ አልጣሰችም። ገብቼ ለትርንጎ ነገርኳት። ታዝናለች ብዬ ነበር። ወንፊቷን አስቀመጠችና «እናቷ?» አለች። «እናቴ አለች?» ደግማ ጠየቀችኝ። ፊቷ በራ። እኔ በዚያን ጊዜ ምኑ እንዳስደሰታት አልገባኝም።

ከዚህ ቀጥሎ የጉልበት ሹሙ ተለወጠ። የቀድሞው አጭር ሰው ነበር፤ አረፈ። የተሾመው ሰውዬ ወደ ቤት ሲገባ እጥፍ የሚል ነው። በከተማው ድንጋጤ ሆነ። ዕቁቡ በሳምንት አንዴ የነበረውን ሁለት ጊዜ አደረገው። የመቃብር ድንጋይ መጥፋት ጀመረ።

የትርንጎ ክምር በቀድሞው ሹም ዘመን ከጉልበት ይደርስ ነበር፤ በሌሊት እየተሰረቀ አሁን ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ይል ነበር። እሷ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበረች። ነቀዝ ያልበላው ዘር ስንት ክረምት ቢያድር ይበቅላል? ድርቅ ደርቦ ቢመጣ ከጎተራ አውጥቶ መዝራት ይቻላል? ይህን ለማወቅ ጎተራዎቿን በተለያየ ዓመት ሞልታ መርጋቸዋለች። ሳይደርሱ ከተከፈቱ የብዙ ዓመት ድካሟ ይጠፋል። ዳግመኛ ለመጀመር ደግሞ ዕድሜዋ አይበቃም። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። የሊቅ ዘውገ ጠጠር ማስቀመጫ እንደ ጠበበውም ያውቅ ነበር።

ሊቅ ዘውገ ራሱ ቤታችን መጣ። ወንበር ሰጠሁት። ሊቅ ሲመጣ መቀመጫ አይነፈግም።

«ትርንጎ፣ ዕቁቡ ግቢ» አለ። «የመጀመሪያውን ዕጣ ለአንቺ እናውጣ። ሹሙ ሳይመጣ ከጉልበት እናደርስሻለን።»

«እኔስ ምን ልጥል ነው?»

«ቅርጫት ጠጠር ነዋ። በየተራው።»

«ስለ ዶሮዋ ጥላ?»

«ስለ ፈለግሽው። ማን ይጠይቃል?»

«ሊቅ ዘውገ፣ የእርስዎን ዶሮ ተጠቅሜባት አላውቅም።»

«ምን ቸገረሽ? እኔም ያንቺን ጤፍ ተጠቅሜ አላውቅም። የእኔ ቤት እህል ተደባልቆ አያድርም።»

ከሄደ በኋላ እኔ ተናገርኩ። ብዙ አልናገርም፤ ያን ቀን ግን ተናገርኩ። «ለአንድ ወር ብቻ ግቢ፤ ጎተራሽ ይዳን፤ ከዚያ ትወጪያለሽ» አልኳት።

ከመደቡ ላይ አንዲት የማሽላ ፍሬ አንስታ መዳፌ ላይ አደረገች። «ጋሼ፣ እስቲ እያት።»

«ደህና ናት። ሙሉ ናት።»

«አሁን መዝናት።»

እጄን ከፍ ዝቅ አደረግሁ። ፍሬዋ ክብደት የላትም። ነቀዝ ከውስጥ ጨርሷት ከውጭ ቅርፊቷ ደህና ነበረ።

«ይህን ነው ዕድሜዬን ሙሉ ስዋጋ የኖርኩት» አለችኝ። እኔም ስለ ዕቁቡ ደግሜ አላነሳሁም።

የልክ ቀን ደረሰ። የጉልበት ሹሙ ከጓዶቹ ጋር መጣ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ከክምራችን ጎን ቆመ። ሰዉ ተሰብስቧል። ሹሙ ወደ ታች አየ። ረጅም ስለሆነ ለማየት ጊዜ ወሰደበት።

«ቁርጭምጭሚት» አለ።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ትርንጎ። «በቤትዎ ማሽላ እንዴት ይኖራል?»

«እንደ ማንኛውም ሰው። በጤፍ።»

«ነቀዝ ያውቃሉ?»

ሹሙ አሰበ። «ከአባቴ ሰምቻለሁ። አይቼ አላውቅም።»

ከሰዉ መሃል አንድ ሽማግሌ «እኔ አይቻለሁ» አለ። ሌላ የተናገረ የለም። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያንን ጊዜ ነው ለእኔ የገባኝ። እዚያ ደጅ ላይ የቆመው ሕዝብ ግማሹ ነቀዝ ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ነው ያደገው። ጀርባዬ ቀና አለ። ዕድሜዬ ቢገፋም ቀና አለ።

«ሕጉ ግን የሚለካው ክምር ነው» አለ ሹሙ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ጎተራዎቹ ለሊቅ ዘውገ ይሰጣሉ። እህሉ ለከተማው ሰው ይታደላል።»

ትርንጎ ጎተራዎቿን ዞራ አየች። ለጥቂት ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታን ቆየች። ስትመለስ ድምፅዋ ደህና ነበር።

«እሺ። እኔ ላድለው።»

ሹሙ ወደ ጓዶቹ ዞረ። የሚከለክል ሕግ አልተገኘም።

ጎተራዎቹ ተከፈቱ። ሰው ቁናውንና ስልቻውን ይዞ ተሰለፈ። ትርንጎ ለእያንዳንዱ ቤት ከጤፉ ጋር እንደ ተቀላቀለ እየሰፈረች ሰጠች፤ በሰጠች ቁጥርም አንድ ቃል ትናገራለች።

«ይህ ምጽዋት አይደለም፤ አደራ ነው። ሁለት ክረምት አድርሱልኝ፤ አትንኩት። ከዚያ አንድ እፍኝ በየደጃችሁ ጥግ ዝሩልኝ። ነቀዝ የገባበት ወይም ያልበቀለለት ሰው ብቻ እኔ ደጅ አንድ ጠጠር ይጣል። ደህና የሆነለት ምንም አይጣል።»

«ደህና ከሆነ ምንም?» አለ የጉልበት ሹሙ። እሱም ድርሻውን ሊወስድ ተሰልፎ ነበር።

«ምንም።»

«ይህማ የተገላቢጦሽ ነው።»

«አደራ ነው ብዬዎታለሁ።»

ሹሙ ስልቻውን በሁለት እጁ ተቀበለ። የከተማችን ሰው ጠጠር ይሰርቃል፣ ጉልቻ ይወስዳል፣ የመቃብር ድንጋይ ይነቅላል። አደራ ግን አይበላም። አደራ በላ የተባለ ሰው ልጁን የሚድርለት የለም። ትርንጎ ከማን መሃል እንደምትኖር ታውቅ ነበር።

ሊቅ ዘውገም ድርሻውን ወሰደ፤ ሕግ ነውና። በጎተራዎቿ ውስጥም ጠጠሩን ሞላ። ክምሯን ሳይቀር ጠርገው ወሰዱት፤ ከጉልበት በታች የሆነ ጠጠር ለባለቤቱ አይተውም ነበር። ደጃችን ባዶ ሆነ።

የመጀመሪያው ክረምት መጣና ሄደ። በየጠዋቱ መጥረጊያዬን ይዤ እወጣለሁ። ደጁ ላይ ቅጠል አለ፣ የወፍ ላባ አለ፤ ጠጠር የለም። በመንገድ የሚያልፉ የዕቁብ ሰዎች ያሾፋሉ። «አባት፣ ምን ትጠርጋለህ? ባዶውን ነው?» ይሉኛል። «አዎ፣ ባዶውን ነው» እላቸዋለሁ። እነሱ እንደ ውርደት ይቆጥሩት ነበር። እኔ በዚያ ደጅ ለረጅም ዘመን ጠጠር በማጣቱ ያፈርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ግን ጎህ ሲቀድ ቶሎ የምነሳው ጠጠር እንዳልመጣ ለማየት ነበር። ባዶ ሆኖ ሳገኘው በከተማው ካለ ቤት ሁሉ መልካም ወሬ እንደ መጣልኝ ነው።

ሁለተኛው ክረምት አልፎ መሬቱ ሳይደርቅ ሰው ጎተራውን ከፈተ፣ እፍኙን ዘራ። ከዚያ ትርንጎ እንቅልፍ አጣች። ቀን ከተማውን ትዞራለች፤ እኔም ከኋላዋ። አንድ ጠዋት በሹሙ ደጅ ጥግ አረንጓዴ ነገር አየን። ትርንጎ ተንበርክካ በጣቷ ነካችው። ሹሙ ከቤቱ አንገቱን አጎንብሶ ወጣና «አላልኩሽም?» አላት። ምንም አላላትም ነበር። በዚያ ሳምንት ከደጅ ደጅ እየተቀባበለ በቀለ። ከተማው አረንጓዴ ጠርዝ አበጀ።

ደጃችን ባዶ ነበር።

አንድ ቀን ጧት ግን መጥረጊያዬን ይዤ ስወጣ ሊቅ ዘውገ ከደጁ ፊት ቆሟል። ብቻውን ነው። በእጁ አንዲት ጠጠር ይዟል። ከራሱ ክምር የተነሳች መሆኗን ከቀለሟ አወቅሁ። ሰው እንዳያየው ግራ ቀኝ ቃኘና መሬት ላይ አስቀመጣት። መጣል አልቻለበትም፤ አስቀመጣት። እኔ ትርንጎን ጠራሁ።

«ነቀዝ ገባበት» አለ ሊቅ ዘውገ ወደ መሬት እያየ። «ሁሉም ዱቄት ሆነ። የምዘራው አንድ ፍሬ አልቀረኝም።»

«ነፍተውት ነበር?» አለች ትርንጎ።

«ነፋሁት። ጤፉን አወጣሁ። ነግሬሽ ነበር፣ የእኔ ቤት እህል ተደባልቆ...»

«ከዚያው ጎተራ የወሰዱት ነው? ሌላ አልጨመሩበትም?»

«አልጨመርኩም።»

«የት አኖሩት?»

«አንቺ ባኖርሽበት። ጠጠሩን ገፋ አድርጌ ከአንዱ ጎተራሽ።»

ትርንጎ እጆቿን አፏ ላይ አደረገች። ሰውዬው የምትሰድበው መስሎት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ሊቅ ዘውገ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችው። «በከተማው ያለ ሰው ሁሉ ደህና ሆነልኝ ሲል እኔ ምን አውቄ? የዘንድሮ ክረምት ለነቀዝ አልተመቸ ይሆናል እያልኩ ነበር። ከአንድ ጎተራ የወጣ፣ በዚያው ጎተራ ያደረ፣ ጤፍ ብቻ የጎደለው እህል የእርስዎ ነው። የእርስዎ ባይበላሽ ኖሮ የሌላው ሁሉ ደህንነት ወሬ ነበር።»

ሊቅ ዘውገ ወደ ጠጠሯ ዞሮ አየ። «እንግዲህ እኔ...» ብሎ አቋረጠ። «እኔ አንድ ነገር አገኘሁ ማለት ነው?»

«አዎ፣ አገኙ።»

ቀና ብሎ አያት። ያ ሰው ስለ ዶሮ ጥላ ሲናገር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ፊት ኖሮት አያውቅም። «ጎተራዎችሽን እመልሳለሁ» አለ። «ጠጠሩን አውጥቼ።»

«ሁለቱ ይበቁኛል፤ አንዱ በጤፍ፣ አንዱ ያለ ጤፍ» አለች ትርንጎ። «ለዚህ ሥራ ስንት ጎተራ እንደሚያስፈልግ በፊት አልገባኝም ነበር።»

ጠጠሯን አንስታ ቤት አስገባቻት፤ መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻት። በዕድሜዋ ቤት ያስገባቻት ጠጠር እሷ ብቻ ናት። የተረፈውን ጠጠር ሊቅ ዘውገ በጋሪ አስወጥቶ ጭቃው መንገድ ላይ አፈሰሰው። አማቱ በዚያው ሳምንት በደጁ በኩል ገባች፤ ልጁ ወንድ እንደ ሆነና ጥርስ እንዳበቀለ በዓይኗ አየች።

ቃሬዛ የሚወጣበት ቀን ተቆረጠ። ሹሙ «ስንት ትከሻ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አደራዬን ያኖረ ሁሉ» አለች ትርንጎ።

«ይህማ ከተማው በሙሉ ነው።»

«እሱን ነው የምልዎ።»

አናጢዎች ሸክሙን የሚችል ረጅም ቃሬዛ ሠሩ። በላዩ በየደጁ ከበቀለው አንዳንድ ቡቃያ ከነአፈሩ ተቀመጠ። ሰዉ በሁለቱ ወገን ገባ። በፊት ትርንጎና ገላግሌ ናቸው። በኋላ ማዕዘን ማህዲ ነው። ሹሙ ቁመቱ እንዳያስቸግር ጉልበቱን አጥፎ ገባ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ገቡ። ሊቅ ዘውገ ወደ ኋለኛው ባዶ ማዕዘን፣ ወደ ደብሪቱ ቦታ፣ ተጠጋና ቆመ፤ ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ትቶ ገባ። ማዕዘኑን አልነካውም።

ሊያነሱ ሲሉ ሹሙ ጮኸ። «ቆይ! ተመልካች ማን ነው?»

ሁሉም ዞሮ ፈለገ። ገበያው ባዶ ነው። መደቦቹ ባዶ ናቸው። ሁሉም ከቃሬዛው ሥር ነው። ያለ ተመልካች ደግሞ ሸክሙ በሕግ እንዳልተሸከሙት ይቆጠራል። በመጨረሻ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። እኔ የራሴ ቤት የለኝም፤ አደራ አልተቀበልኩም፤ እህል አልዘራሁም። ደጅ ነው የጠረግሁት።

«ጋሼ አለ» አለች ትርንጎ።

መጥረጊያዬን ይዤ ገበያው መሃል ብቻዬን ቆምኩ። አነሱት። ቃሬዛው በሦስቱ ማዕዘን ቀና አለ፣ በአራተኛው ዘመመ። የሳቀ አልነበረም፤ የሚስቀው ሁሉ ከሥሩ ነበር። በፊቴ አለፉ። እህቴ ስታልፍ አላየችኝም፤ ሸክሙ ከብዷት ወደ መሬት ታይ ነበር።

ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።